እርጅናና አእምሮ፦ የሚደክመውና የሚጸናው



ከየቤታችን አረጋዊ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ አሉ፤ የልጅ ልጃቸውን በአጎቱ ስም የሚጠሩ አሉ፤ ወደ ጓዳ ገብተው «ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት?» ብለው ቆመው የሚያስቡ አሉ። እኛ ወጣቶች ይህን ስናይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ እንስቃለን፤ ወይም «አይ! ጃጅተዋል» ብለን እንደመድማለን። ይህን ቃል ካወጣን በኋላ ደግሞ የሚናገሩትን ሁሉ በግማሽ ጆሮ መስማት እንጀምራለን። ምክራቸውን አንጠይቅም፤ ገንዘባቸውን እኛ እንይዝላቸዋለን፤ ስለ ራሳቸው ጉዳይ እነርሱ በተቀመጡበት እኛ ለሌላ ሰው እናወራለን።

ለመሆኑ አንድ ሰው ሲያረጅ አእምሮው ምን ይሆናል? ሁሉም ነገር በአንድነት ይደክማልን? ወይስ የሚደክምና የሚጸና አለ? የተለመደው የእርጅና መርሳትና በሽታ የሆነው መርሳትስ በምን ይለያሉ? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሥነ ልቡና ትምህርት የሚሰጠውን መልስ በአጭሩ ለማቅረብና ከዚያም እኛ ምን ማድረግ እንደሚገባን ለመጠቆም የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሀ. ትኩረት፣ ማስታወስና ኅሊናን መግዛት

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የእድር ስብሰባን እናስብ። በበሩ ላይ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ ዘበኛ አለ። የተነገረውን የሚጽፍና ሲጠየቅ ከመዝገብ አውጥቶ የሚያነብ ጸሐፊ አለ። «አሁን የምንነጋገረው ስለዚህ ነው፤ ያ ይቆይ፤ አንተ ተቀመጥ፤ አንቺ ቀጥዪ» እያለ ጉባኤውን የሚመራ ሰብሳቢም አለ።

በአእምሯችንም እንዲሁ ነው። ትኩረት የምንለው እንደ ዘበኛው ነው፤ በዓይንና በጆሮ ከሚመጣው ብዙ ነገር መካከል የሚያስፈልገውን መርጦ ያስገባል። የማስታወስ ችሎታ እንደ ጸሐፊው ነው፤ የገባውን ይመዘግባል፣ ይጠብቃል፣ በሚፈለግበትም ጊዜ ያወጣል። ኅሊናን የመግዛት ችሎታ ደግሞ እንደ ሰብሳቢው ነው፤ አሳብን በአንድ ጉዳይ ላይ ያጸናል፣ የማይጠቅመውን ያስቆማል፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

እነዚህ ሦስቱ በአንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የተሰጣቸው አይደሉም። ሆኖም ለሰብሳቢው ሥራ ከግንባራችን በስተኋላ ያለው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ከሁሉ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። አዲስ ነገርን ለመመዝገብ ደግሞ ከጆሯችን በስተ ውስጥ በኩል፣ በግራና በቀኝ የሚገኘው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ያስፈልጋል።

ይህ የታወቀበት ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። በ1953 በአሜሪካ አገር ኤች. ኤም. በሚል ምኅጻር የታወቀ አንድ ወጣት ከሚጥል በሽታ እንዲድን ሲባል በሁለቱም ወገን ያለው የሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። የሚጥል በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር በትዝታው ማኖር አልቻለም። ያነጋገረው ሰው ወጥቶ ቢመለስ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ግን አንድ ሌላ ነገር አስተዋለች። ይህ ሰው በመስተዋት ብቻ እያየ ሥዕል መሳልን ሲለማመድ እጁ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ ይሁን እንጂ መለማመዱን ፈጽሞ አያስታውስም ነበር። ከዚህ የምንማረው ማስታወስ አንድ ነገር ብቻ አለመሆኑን ነው። አንዱ ዓይነት ሲጠፋ ሌላው ሊቀር ይችላል። ስለ እርጅና ስንናገርም ይህን መሠረታዊ ነገር መዘንጋት አይገባንም።

ለ. በእርጅና የሚደክመው

አንደኛ፤ ፍጥነት። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የአእምሮ ሥራ ይዘገያል። የነርቭ ሽቦዎችን የሚሸፍነው ቅባታማ ልባስ እየሳሳ ስለሚሄድ መልእክት ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው የሚደርሰው እንደ ቀድሞው በፍጥነት አይደለም። ቲሞቲ ሳልትሃውስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1996 ባወጣው ጽሑፍ በእርጅና ከሚታዩት ለውጦች ብዙዎቹ ከዚህ ከመዘግየት የሚመነጩ መሆናቸውን አስረድቷል። ረጅም ነገር በፍጥነት ሲነገር፣ ሰሚው መጨረሻውን እስኪያስተናግድ ድረስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። ስለዚህ አንድ አረጋዊ «ምን አልከኝ ልጄ?» ብለው ሲጠይቁ ያልገባቸው ነገሩ ከብዶ ሳይሆን ንግግሩ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ የማይፈለገውን ማገድ። በ1965 እንግሊዛዊው ፓትሪክ ራቢት ወጣቶችንና አረጋውያንን ፊደል የተጻፈባቸው ካርዶች ሰጥቶ በፊደላቸው እየለዩ እንዲደረድሩ አዘዛቸው። በካርዱ ላይ ለሥራው የማይጠቅሙ ሌሎች ፊደላት እየተጨመሩ በሄዱ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ዘገዩ፤ አረጋውያኑ ግን ይበልጡን ዘገዩ። የሚፈለገውን ማየት ብቻ ሳይሆን የማይፈለገውን አለማየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነውና። ሊን ሃሸርና ሮዝ ዛክስ በ1988 ይህን አሳብ አስፍተው፣ በእርጅና ዘበኛው በር ላይ የሚያግደው ስለሚቀንስ በአእምሮ ውስጥ የማይፈለግ ነገር እንደሚበዛ ጻፉ።

አንባቢ ይህን በራሱ ሊሞክረው ይችላል። «ቀይ» የሚለውን ቃል በአረንጓዴ ቀለም፣ «ሰማያዊ» የሚለውን በቀይ ቀለም፣ ሌሎችንም እንዲሁ አዛብታችሁ ጻፉ። ከዚያም ቃሉን ሳይሆን የተጻፈበትን ቀለም በፍጥነት ተናገሩ። ምላሳችሁ እንደሚደናቀፍ ታያላችሁ። ይህን ፈተና ጆን ሪድሊ ስትሩፕ በ1935 በጻፈው ጥናት ስላሳወቀው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አረጋውያን በዚህ ፈተና ከወጣቶች ይበልጥ ይዘገያሉ። ከዚህ መዘግየት ምን ያህሉ ከጠቅላላው የፍጥነት መቀነስ፣ ምን ያህሉስ ከሰብሳቢው መድከም እንደሚመጣ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ።

ሦስተኛ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ። ቁጥር በቃል ይዞ እየደመሩ ሌላውን መስማት፣ ወጥ እያማሰሉ በስልክ መነጋገር፣ ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው መዝለልና ተመልሶ የፊተኛውን መቀጠል ይከብዳል። ወደ ጓዳ ገብቶ የመጡበትን መርሳት የሚመጣው ከዚህ ነው። በመንገድ ላይ ሌላ አሳብ ገባ፤ ሰብሳቢውም የመጀመሪያውን አጀንዳ ጣለው።

አራተኛ፤ አዲስ ነገርን ያለ ረዳት ማስታወስ። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። «ትናንት ማን ማን መጣ?» ብሎ መጠየቅና «ትናንት የመጣችው አልማዝ ናት ወይስ ብርቱካን?» ብሎ መጠየቅ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው መልሱን ከባዶ ማውጣት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የቀረበውን ማወቅ ብቻ ነው። ፈርገስ ክሬክና ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳሳዩት በመጀመሪያው ዓይነት ጥያቄ በወጣትና በአረጋዊ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ በሁለተኛው ግን በጣም ይጠባል። ስለዚህ ነገሩ ከመዝገብ አልጠፋም፤ አስቸጋሪ የሆነው ገጹን ማግኘት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። ሞሼ ናቬ ቤንጃሚን በ2000 ባወጣው ጥናት አረጋውያን ነጠላ ነገሮችን ከማስታወስ ይልቅ ነገሮችን እርስ በርስ አስተሳስሮ ማስታወስ እንደሚከብዳቸው ገለጸ። ይኸውም ፊቱን ያስታውሳሉ፣ ስሙንም ያስታውሳሉ፤ ነገር ግን የትኛው ስም የየትኛው ፊት እንደ ሆነ ይቀላቀልባቸዋል። ወሬውን ያስታውሳሉ፤ ማን እንደ ነገራቸው ግን ይጠፋቸዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ከባንክ ነው የምንደውለው» እያሉ በስልክ የሚያታልሉ ሰዎች የሚጠቀሙት በዚሁ ቀዳዳ ነው። አንድን ነገር ቀድሞ የሰማ ሰው፣ የሰማው ከማን እንደ ሆነ ካላስታወሰ፣ እውነት አድርጎ ሊቀበለው ይቀላል።

ሐ. በእርጅና የሚጸናው

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲህ ምን ቀረ?» ሊል ይችላል። የቀረው ብዙ ነው።

ሬይመንድ ካቴል የተባለው ሊቅ የሰውን ብልኅነት በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛውን ፈሳሽ አለው፤ አዲስና ያልተለመደ ችግርን በፍጥነት የምንፈታበት ነው። ሁለተኛውን የረጋ አለው፤ በዕድሜ ዘመን ከትምህርትና ከኑሮ የተጠራቀመ ዕውቀት ነው። ፈሳሹ ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የረጋው ግን እስከ ስድሳዎቹና እስከ ሰባዎቹ ዕድሜ ሊጸና፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። የቃላት ዕውቀት ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በቋንቋችን ከአያቶቻችን የምንሰማቸው ቃላት ስንቶቹ ናቸው እኛ የማናውቃቸው? የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ የእርሻ ወራት፣ የሽምግልና ሥርዓት ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። በልጅነታቸው ዳዊትን ወይም ድጓን በቃላቸው ያጠኑ መምህራን፣ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ተማሪው አንዲት ቃል ሲስት ሰምተው የሚያርሙት በብዙ ዓመት ድግግሞሽ የጸና ዕውቀት በቀላሉ ስለማይናድ ነው።

ልምድ ደግሞ ለደከመው ሌላ መንገድ ያበጃል። ከላይ የተጠቀሰው ሳልትሃውስ በ1984 ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 ዓመት የሆኑ 74 የጽሕፈት መኪና ጸሐፊዎችን ፈተነ። በዕድሜ የገፉት ጸሐፊዎች መብራት ሲበራ ቁልፍ በመጫን ፈተና ከወጣቶቹ ዘገዩ። ወደ ጽሕፈቱ ሥራ ሲመጡ ግን በዕድሜያቸው ምክንያት አልዘገዩም! ምክንያቱ ሲመረመር ልምድ ያላቸው አረጋውያን እጃቸው አንዱን ፊደል ሲመታ ዓይናቸው ከወጣቶቹ ይልቅ ራቅ ብሎ የሚመጣውን ያነብ ነበር። ጣታቸው የዘገየውን ዓይናቸው ቀድሞ ካሰው ማለት ነው። እንግዲህ የአረጋዊ አእምሮ የተበላሸ የወጣት አእምሮ አይደለም፤ በሌላ መንገድ የሚሠራ አእምሮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያው አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የዛሬ የ25 ዓመት ወጣትና የዛሬ የ75 ዓመት አዛውንት ጎን ለጎን ቢፈተኑ የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከእርጅና የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ዋርነር ሻዬ የተባለ ተመራማሪ በ1956 በሲያትል ከተማ ከሃያዎቹ እስከ ስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ፈተነ፤ ከዚያም እነዚያኑ ሰዎች በየሰባት ዓመቱ እየተከታተለ ይፈትናቸው ጀመር። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ቀን ሲያወዳድር ብዙ ችሎታ ገና በጎልማሳነት የሚወድቅ ይመስል ነበር። አንዱን ሰው ከራሱ ጋር እያነጻጸረ ሲከተል ግን አብዛኛው ችሎታ እስከ ስድሳዎቹ ዕድሜ ድረስ እንደ ጸና ተገኘ። ለምን? የኋለኛው ትውልድ የተሻለ ትምህርት፣ ምግብና ሕክምና ስላገኘ ነው። በአገራችን ይህ ልዩነት እጅግ የጎላ ነው። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ከነጭራሹ ያልቆጠሩም ብዙ ናቸው። በወረቀትና በእርሳስ ፈተና ወይም በእጅ ስልክ አጠቃቀም እነርሱን ከእኛ ጋር ማወዳደር ዕድሜን ሳይሆን ዕድልን መለካት ነው።

መ. በአንድ እድር የታየ ነገር

ትምህርቱ በኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በምኖርበት ሰፈር ባለ አንድ እድር ጸሐፊው ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በወርኃዊው ክፍያ ላይ የአንዱን ሰው ብር በሌላው ስም መመዝገባቸው ታወቀ። ይህ ሁለት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ወጣት አባላት «እርሳቸው ደክመዋል፤ ይሸኙና በሰው ይተኩ» የሚል አሳብ አቀረቡ። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ለሃያ ዓመት ያህል የያዙትን መዝገብ በገዛ እጃቸው ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፉት።

በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ተነሥተው «እስቲ መጀመሪያ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሰበሰብ እንይ» አሉ። ታየ። ክፍያው የሚፈጸመው ሰው ከሥራ ሲመለስ በምሽት ነበር። አሥር ሰው በአንድነት ጠረጴዛውን ይከባል፤ አንዱ ብር ይዘረጋል፣ ሁለተኛው መልስ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ስለ ድንኳን ይጨቃጨቃል፣ ስልክ ይጮኻል። ሴትዮዋም «እኔ እንኳ ቡና እያቀረብሁ ሦስት ሰው ቢያናግረኝ ስኒው ይጠፋብኛል፤ እኚህን ሰው ነው ወይስ ጠረጴዛውን ነው የምንለውጠው?» ሲሉ ጠየቁ።

ጠረጴዛው ተለወጠ። ክፍያው ወደ እሑድ ረፋድ ተዛወረ፤ ከፋይ አንድ በአንድ እንዲቀርብ ተወሰነ፤ አንድ ወጣት አጠገባቸው ተቀምጦ የተጻፈውን ስምና ብር ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶ እንዲያነብ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ስሕተት አልተገኘም። እንዲያውም ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ አንድ የቆየ ስምምነት ክርክር ሲነሣ ውሳኔው በምን ምክንያት እንደ ተወሰነና በየትኛው መዝገብ እንደሚገኝ ያስታወሱት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። መዝገቡ ሲገለጥ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ።

እነዚያ እናት ስለ ራቢትም ሆነ ስለ ሃሸር የሰሙ አይመስለኝም። ያደረጉት ግን ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። የማይፈለገውን ከበር መለሱ፤ ሁለቱን ሥራ ወደ አንድ አወረዱ፤ ከባዶ ከማስታወስ ይልቅ የቀረበውን ማወቅ እንዲበቃ አደረጉ። የሰዓቱ ለውጥም ያለ ምክንያት የሚጠቅም አይደለም። በ1993 የወጣ የሃሸርና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው ከአረጋውያን አብዛኛዎቹ አእምሯቸው የሚነቃው በማለዳ ነው፤ ወደ ማምሻው ሲፈተኑ ከወጣቶች ጋር ያላቸው ልዩነት ሰፋ፤ በማለዳ ሲፈተኑ ግን ጠበበ።

ሠ. እርጅናና በሽታ አንድ አይደሉም

እስካሁን የተናገርነው ጤናማ ስለ ሆነ እርጅና ነው። ይሁን እንጂ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚለው አነጋገር እንደ «ጃጅተዋል» ያህል ሊጎዳ ይችላል። አንደኛው ሰውን ያለ ጊዜው ይጥላል፤ ሁለተኛው የታመመን ሰው ያለ ሕክምና ያስቀራል።

በ1906 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ገና በ51 ዓመቷ የመርሳትና የመደናገር ሕመም ጀምሯት በኋላ ስለ ሞተች አንዲት ሴት አንጎል ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጸ። በአጉሊ መነጽር ያየው በጤናማ አንጎል የማይጠበቅ ክምችትና የተቋጠረ ክር መሰል ነገር ነበር። በሽታው ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ዲሜንሺያ ከሚባሉት የመርሳት ሕመሞችም ዋነኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከእነዚህ ሕመሞች ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ውስጥ ናቸው።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የተለመደ ነው፤ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ መርሳት ግን ሕመም ነው። የሰው ስም ለጊዜው ጠፍቶ ማታ ትዝ ቢል የተለመደ ነው፤ አንድን ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅና መልሱን እንዳልሰሙ መሆን ግን ምልክት ነው። በአዲስ ሰፈር መንገድ መሳት የተለመደ ነው፤ አርባ ዓመት ከተመላለሱበት ገበያ ወደ ቤት መመለስ ማቃት ግን ምልክት ነው። ለዓመታት የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተል መሳት፣ ብር መቁጠር ማቃት፣ ጠባይ ፈጽሞ መለወጥም እንዲሁ ናቸው።

መርሳት የሚያመጣው ነገር ሁሉ ደግሞ የማይድን አይደለም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች አእምሮን ያፈዝዛሉ፤ እነዚህም ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ ይችላሉ። የጆሮ መድከምም አለ፤ ያልሰማ ሰው አያስታውስም፤ እኛ ግን ረሱ እንላለን። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸኩለው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ መደናገር ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ምልክት ስለ ሆነ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማደር አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ረ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ስንነጋገር ፊታችንን ወደ እነርሱ እናዙር፤ ራዲዮኑን ወይም ቴሌቪዥኑን እንቀንስ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ በዝግታ እንናገር። በዝግታ መናገር ማለት ግን እንደ ሕፃን ማነጋገር አይደለም።

2ኛ/ ለመልስ ጊዜ እንስጥ። ቃል ሲጠፋቸው ከአፋቸው ነጥቀን አንጨርስ። በጥቂት ዝምታ ውስጥ የሚፈለገው ገጽ ይገኛልና።

3ኛ/ «ረሱት እንዴ?» ከማለት ይልቅ ፍንጭ እንስጥ። «ባለፈው ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር የመጣው ልጅ» ብንል ስሙን ራሳቸው ያገኙታል።

4ኛ/ ዕቃን በአንድ ቦታ እናስቀምጥ። መድኃኒት ከቁርስ ጋር፣ ቁልፍ በበሩ ምስማር ላይ፣ ቀጠሮ በትልቅ ፊደል በግድግዳ ላይ ይሁን። ይህ ውርደት አይደለም፤ እኛም ለፈተና ማስታወሻ እንይዛለን።

5ኛ/ የስልክ ምሥጢር ቁጥርንና ገንዘብን በተመለከተ አስቀድመን እንስማማ። «በስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ቢሆን ዝጉትና ለእኔ ደውሉ» የሚል አንድ አጭር ደንብ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

6ኛ/ ከሥራ አናግልላቸው። ሊሠሩት የሚችሉትን ነገር ሁሉ እኛ የሠራንላቸው እንደ ሆነ ልምድ የተከለው ይደርቃል። ወላጆችን የማክበር ትእዛዝም ምግብ በማቅረብ ብቻ የሚፈጸም አይመስለኝም፤ ቃላቸውን መስማትም አለበት።

ሰ. ይህ ጉዳይ የእኛም ነው

ምናልባት አንባቢ «ይህ ሁሉ ለአያቶቻችን ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የአእምሮ ፍጥነት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ እርጅና የሚባለው ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

የሚያጽናናው የምናደርገው ነገር ለውጥ የሚያመጣ መሆኑ ነው። በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ሪፖርት 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ካለው የዲሜንሺያ ሕመም 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል እንደ ነበር ገምቷል። ከእነርሱም መካከል በልጅነት አለመማር፣ ያልታከመ የጆሮና የዓይን ድካም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስና ብቸኝነት ይገኙበታል። እንዲሁም በ2011 በአሜሪካ በ120 አረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በፍጥነት የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐሳቸው በ2 ከመቶ ያህል ሲጨምር፣ ሰውነት በማፍታታት ብቻ የቆዩት ግን ቀንሶባቸዋል።

ብቸኝነት ከተዘረዘሩት ውስጥ መሆኑን ልብ እንበል። ሐኪም ባይሆንም፣ ገንዘብም ባይኖረው፣ ይህን አንዱን ማንኛችንም ልናስወግደው እንችላለን። ለአንድ አረጋዊ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥቶ መጨዋወት፣ ጠይቆም መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት በቂ መነሻ ነው። እኛ በዚያን ሰዓት የምናገኘውም ጥቂት አይደለም፤ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር በእነርሱ ዘንድ ተመዝግቧልና። ገጹ እስኪገለጥ መታገሥ ብቻ ያስፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ «ረሱ» የተባሉ አረጋዊ በእርግጥ ረስተው ነው? ወይስ ሳይሰሙ፣ ሳይጠየቁ ወይም ጊዜ ሳይሰጣቸው ቀርተው ነው?

2. በእድሩ ታሪክ ውስጥ «ሰውየውን ነው ወይስ ጠረጴዛውን» የሚለው ጥያቄ በሌላ በምን ጉዳይ ላይ ሊነሣ ይችላል?

3. ወደ ሐኪም የሚያስኬድ መርሳትና የተለመደ መርሳት በምን ይለያሉ? ሁለት ሁለት ምሳሌ ስጡ።

4. በዚህ ሳምንት የትኛውን አረጋዊ ትጎበኛላችሁ? ምንስ ትጠይቋቸዋላችሁ?